ቅጠል የምታጥፈው እንቁራሪት

ሚዛን ተፈሪ፣ ግንቦት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለይትባረክ፤

የሚዛን ዝናብ አንዴ ከያዘ እንደማያባራ ሁሉ ሰላምታዬም መንገድ ላይ ሳያባራ ሃምቡርግ ድረስ ይድረስህ። እኛ አለን። ቡናው ፍሬ ቋጥሯል፣ ግድግዳው ሻግቷል፣ ጉልበቴም እንደ ልማዷ ዝናቡን ቀድማ ትነግረኛለች። ከዚህ ሌላ የሚወራ ሕመም የለብኝም፣ ተመስገን።

ስልክ እያለ ለምን ደብዳቤ ትጽፊያለሽ እንደምትል አውቃለሁ። የኔ ስልክ ባለቁልፍ ናት፣ ከ"ደህና ነህ ወይ" አታልፍም። ደግሞ በስልክ "እሺ እትዬ፣ እሺ እትዬ" ብለህ ትዘጋብኛለህ፤ በወረቀት ግን እስከ መጨረሻው ታደምጠኛለህ። እህትህ መክሊቴ ከቴፒ ካምፓስ ቅዳሜ ቅዳሜ ስትመጣ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሃለች። ካልመጣችም ወረቀቱ መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል።

የላክኸውን ፊልም አየነው! በስልክ ዓይኔ አይችልም ብዬ መክሊት በፍላሽ አድርጋ ኸይሩ ሱቅ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካችው። ስኳር ሊገዛ የመጣ ሁሉ ቆሞ ቀረ። እንዴት ያለ ሥራ ነው ልጄ የያዝከው? እባብ፣ አዞ፣ ኤሊ፣ እንሽላሊት፣ ጉርጥ! እኛ ስናይ በድንጋይ የምናባርረውን እናንተ በስንት ካሜራ ትከተሉታላችሁ። ተራኪው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ልክ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ነው የሚያወራው። መክሊት ስትተረጉምልን "አርባ ቀን ጭቃ ላይ ተኝቶ ጉርጧን ጠበቀ" አለች።

"ይሄ ሰውዬ ሚስት የለውም እንዴ?" አለ ኸይሩ።

ማራናታ፣ ሻይ ቤት የከፈተችው ጎረቤታችን፣ አንተ ስትሄድ ገና ልጅ ነበረች፣ ምን ብትል ጥሩ ነው? "አርባ ቀን የሚጠብቀኝ ወንድ ከተገኘ እኔም ጉርጥ እሆናለሁ!" ሱቁ በሳቅ ተናጋ። እስስቷ ቀለሟን ስትቀይር ደግሞ ኸይሩ "ይቺስ ስብሰባ ለምዳለች" አለ።

እኔን የያዘችኝ አዞዋ ናት። ልጆቿን በአፏ ይዛ ወደ ውሃው ስታወርድ፣ በዚያ ሁሉ ጥርስ መሃል አንዷን ሳታቆስል! እናትህ ለተብርሃን፣ ነፍሷን ይማርና፣ የአክስቴ ልጅ ብትሆንም ከእህት አታንስም ነበር። አንተን በዘጠኝ ዓመትህ ለኔ ትታ ስታርፍ "እንዴት አድርጌ ነው ይሄን የማሳድገው" ብዬ የፈራሁት ትዝ አለኝና ኸይሩ ሱቅ ውስጥ አለቀስኩ። በአዞ አለቀሰች ብለው እስካሁን ይስቁብኛል።

አሁን የጠየቅኸኝን ልመልስ። አለች። ያቺ በልጅነትህ የምትወዳት፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ቢጫ እንቁራሪት ከጓሮ ምንጫችን አልሄደችም። ዛሬም ውሃው ላይ ያጎነበሰውን ቅጠል እንደ ቆጮ ጥቅል አጥፋ፣ አጣብቃ፣ እንቁላሏን ውስጡ ታኖራለች። አንዴ ጥቅሏን ልትከፍት ስትል ጆሮህን ቆንጥጬ "የሰው ቤት አይከፈትም!" ያልኩህን ታስታውሳለህ? ድምፅዋም ያው ነው፣ የሚዶ ጥርስ በጥፍር ሲፋቅ። መክሊት ሲመሻሽ ቀድታልሃለች። መሃል ላይ የጎረቤታችን የባዘዘው ውሻ ሁለቴ ጮኾ እኔ "ዝም በል አንተ!" ያልኩት አለበት። እሱን ቁረጠው፣ ፈረንጆቹ እኔን እንዳይሰሙ።

ጆሮህን የቆነጠጥኩህ
እትዬ ትሁት


ሃምቡርግ፣ ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ትሁት፤

እዚህ ዝናብ አለ፣ ግን ጣሪያው ቆርቆሮ ስላልሆነ ዝናብ አይመስልም። ሰላምታዬ በቆርቆሮሽ ላይ ይውረድ።

አልቆረጥኩትም። ውሻውም አንቺም አላችሁበት። ድምፅ ቀጂያችን ማዳመጫውን ከጆሮው ሳያወርድ ሦስት ጊዜ ሰማው፤ ከዚያ ሽማግሌውን ጠራ። ሽማግሌው የፊልሙ አለቃ ነው፣ አርባ ቀን ጭቃ ላይ የተኛው እሱ ነው። (ሚስት አለው። ለኸይሩ ንገሪው።) እነሱ ዘንድ ስለዚህች እንቁራሪት ያለው አንድ የቆየ ፎቶ ብቻ ነው። ቅጠል ስታጥፍ የቀረጻት የለም። "እውነት ሰው ጓሮ ውስጥ ነው የምትኖረው?" እያለ ይጠይቀኛል።

እትዬ፣ በስልክ ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። የምሠራው ሽቦ መሸከምና ሣጥን መጫን ነው። ውሌ ጊዜያዊ ነው፣ የመኖሪያ ወረቀቴም የሚያበቃው በሚመጣው ዓመት ሐምሌ ነው። እንቁራሪቷ ቀጣዩ ፊልም ውስጥ ከገባች ግን መንገድ መሪና አስተርጓሚ ሆኜ ቋሚ ውል አገኛለሁ፣ በውሉም ወረቀቴ ይታደሳል። እና ከነሱ ጋር በሚመጣው ግንቦት ሚዛን እመጣለሁ።

አሥራ አንድ ዓመት የቀረሁት ረስቼሽ አይደለም። ከወጣሁ መመለሻ ስለሌለኝ ነው። ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ኸይሩ ሱቅ በር ላይ ምን እንደሚባል ደግሞ አንቺም ታውቂያለሽ። ፊልሙ ካልሆነ ሌላ አገር እሻገራለሁ እንጂ እንደዚያ ሆኜ አልመጣም።

ነገሩ ቁርጥ እስኪሆን ለሰው አታውሪ።

ጆሮው እስካሁን የሚያሳክከው
ይትባረክ


ሚዛን ተፈሪ፣ መስከረም 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለይትባረክ፤

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረህ። ይሄኛውስ እኔንና አንተን አንድ ማዕድ ላይ የሚያስቀምጥ ዘመን ይሁን፣ ሌላ ምን እመኛለሁ!

መልሴ የዘገየው ኔትወርክ ጠፍቶ ነው፤ ሲመጣ ደግሞ መክሊት ፈተና ላይ ነበረች። ትመጣለህ? ግንቦት? በቃ፣ ከእንግዲህ ወሩን የምቆጥረው በዝናብ ሳይሆን ባንተ ነው።

እንዳልከኝ ለማንም አላወራሁም። ለኸይሩ ብቻ ነው የነገርኩት። ለኸይሩ መንገር ደግሞ ለሬዲዮ መንገር ነው፣ እሱን እኔም አላጣሁትም። አሁን መናኸሪያ ያሉ የባጃጅ ልጆች ሁሉ "እናታለም፣ እንቁራሪቷ እንዴት ናት?" ይሉኛል። ማራናታ ፀጉሯን ልትሠራ ነው፣ ለካሜራው። "አንቺን አይደለም የሚቀርጹት" ብላት "አጠገቧ አልቆምም እንዴ?" አትለኝም! ባዘዘው ደግሞ "ነጮቹ አንዲት እንቁራሪት ለማየት ይሄን ሁሉ አገር አቋርጠው ከመጡ፣ የኔ ቡና ውስጥ ያለችውን ዘንዶ ቢያዩማ እዚሁ ይቀራሉ" ይላል። ዘንዶ የለውም። ለመታየት ነው።

አንድ ነገር ብቻ አሳሰበኝ። ያ ጓሮ! አንተ በልጅ ዓይን ስላየኸው ቆንጆ ሆኖ ቀርቶብህ ነው እንጂ ቁጥቋጦው ውሃው ላይ ተጋድሟል፣ ጎደሬው በስብሷል፣ እግር ያስገባ ጫማውን ጥሎ ነው የሚወጣ። እኛ የምንጠጣው ከቧንቧ ስለሆነ ለዓመታት ዞር ብሎ ያየው የለም። ያን ሁሉ አገር ያየ ሰው መጥቶ "ይትባረክ ያደገው እዚህ ረግረግ ውስጥ ነው?" ይበልህ? በኔ ዕድሜ? ለእንግዳ የሚመጥን እናደርገዋለን፣ አንተ እሱን አታስብ።

ምን እንደሚበሉ ጻፍልኝ። ጎመን ይበላሉ?

ቀን የምትቆጥረው
እትዬ ትሁት


ሃምቡርግ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ትሁት፤

በብርድ አገር የሚጻፍ ሰላምታ አጭር ነው፣ እጅ ከኪስ ስለማይወጣ። ሙቀቱን አንቺ ጨምሪበት።

ጎመን ይበላሉ። ሽማግሌው እንዲያውም ሥጋ አይበላም፤ ስለዚህ በግ እንዳትገዢ።

በየስብሰባው ያንቺን ጓሮ ያነሳሉ። ካርታው ላይ ነጥብ አድርገውበታል። ነጥቡን ሳየው ሆዴ ይባባል። ሌላ ሁለት አገር አብሮ ስለቀረበ ግን ገና አልተወሰነም። የመጨረሻውን ቃል የሚሰጡት በሚያዝያ ነው። ዝናቡ ሲጀምር፣ መጋቢት ላይ፣ አዲስ ድምፅ እልክላቸዋለሁ ብያለሁ። መክሊት ትዘጋጅ።

ሌላ የምልሽ የለም። ተኝቼ እንኳ የሚዶ ድምፅ እሰማለሁ።

ይትባረክ


ሚዛን ተፈሪ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለይትባረክ፤

እንኳን ለጥምቀቱ አደረሰህ። ታቦቱ ሲመለስ አንተን ጠርቼ ነው የጸለይኩት፣ ስምህን ጮክ አድርጌ፣ አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ እስክትገላምጠኝ።

ለምን ዝም አልሽ ትላለህ። ሥራ ላይ ነን! ምን ሥራ? አልነግርህም። ስትመጣ በዓይንህ ታየዋለህ። ይሄን ብቻ ልበልህ፤ ፈረንጆችህ ነጭ ጫማ አድርገው ቢመጡ እንኳን ጭቃ አይነካቸውም። የእድራችን ሴቶች ከቡና ለቀማው እንደተመለሱ አንድም አልቀረችብኝም። ባዘዘውም የቡናውን መርጫ አዝሎ መጣ፤ ኸይሩ ከሱቁ በነጻ ያወጣውን ብታውቅ ታቅፈዋለህ። እንዲህ ያለ መተባበር እናትህ ስታርፍ ነበር ያየሁት። አሁን ደግሞ ለደስታ ሆነ።

ጋሽ ተካ ብቻ ማዶ ቁጭ ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ታውቃቸዋለህ፣ ንብ ቀፎ የሚሰቅሉት የቤንች ሽማግሌ። እርጅና ነው።

የባዘዘው ውሻ ሞተ። ምን እንደበላ እንጃ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ነው ጭልጥ ያለው። ባዘዘው ለሰው እንደሚታዘን ነው ያዘነለት።

ዝናቡ አልመጣም ገና። እንቁራሪቷም በበጋ ዝም እንደምትል ታውቃለህ። ሲመጣ ትዘፍናለች፣ መክሊትም ትቀዳለች፣ አንተም ትመጣለህ። በቅደም ተከተል።

እጇ በሥራ የሻከረው
እትዬ ትሁት


ሃምቡርግ፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ትሁት፤

የጾም ሰላምታ ነውና ቅቤ የለውም፣ ይቅርታ።

ሚዛን ዝናብ መጀመሩን በስልኬ አየሁ። ድምፁን ላኪልኝ። ሚያዝያ ሃያ ይወስናሉ። ስለምታዘጋጂው ነገር አትንገሪኝ፣ ድምፁን ብቻ ላኪልኝ።

ይትባረክ


ሚዛን ተፈሪ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለይትባረክ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ።

ፋሲካ ጥሩ ነበር። ዶሮዋ ትንሽ ጨው በዛባት። ማራናታ ሻይ ቤቷን ቀለም ቀባችው፣ አረንጓዴ፣ እንደ በሰለ አቮካዶ። ኸይሩ ልጁ ትምህርት እምቢ ብሎበት ይናደዳል። ወደ ሸዋ ቤንች የሚወስደው መንገድ በጎርፍ ተበላሽቶ መኪና ሁለት ቀን ቆሞ ነበር። መክሊት ከቴፒ የመጣችው በስንት ጭቃ ነው።

ዝናቡ ጥሩ ነው። እንዲያውም ከአምናው ይበልጣል።

ያልከኝን ድምፅ መክሊት ትልክልሃለች። ይኸው።

ሥራ በዝቶብህ ከሆነ ለመመለስ አትቸኩል።

እትዬ ትሁት


ሃምቡርግ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ትሁት፤

እንደምን ሰነበትሽ።

በላክሽው ድምፅ ላይ ውሻ ይጮኻል፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ አንቺ "ዝም በል አንተ!" ትያለሽ።

የባዘዘው ውሻ በጥር መሞቱን ጽፈሽልኛል።

እኔ እንደሰማሁት ነው ያወቅኩት። ያወቅኩትን ግን ዋጥኩት። አዲስ ነው ብዬ ሰጠኋቸው፤ መምጣት ስለፈለግሁ። ሽማግሌው አቅፎኝ ነበር። ትናንት ድምፅ ቀጂው ያምናውንና የዘንድሮውን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ማዳመጫውን አውልቆ አየኝ።

እትዬ፣ ምን ሆነች?

ይትባረክ


ሚዛን ተፈሪ፣ ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ፤

ሰላምታ ልጻፍ ብዬ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። ዛሬ ያለ ሰላምታ ተቀበለኝ።

አጸዳነው።

በታኅሣሥ መጨረሻ ነው። አሥራ ሁለት ሴት ሆነን ገባን። ቁጥቋጦውን በገጀራ፣ ጎደሬውን በዶማ፣ ሣሩን እስከ ሥሩ። የቀረውን ባዘዘው የአረም መድኃኒቱን መርጫ አዝሎ ረጨው፣ ለቡናው የሚረጨውን። ውሃው ይሸታል፣ አረንጓዴ ነገር ተጋግሮበታል ብለን ደግሞ ኸይሩ የሰጠንን ሁለት ጀሪካን በረኪና ገለበጥንበት። ገጀራው ሲወርድበት ቅጠሉ እየታጠፈ ነው የወደቀው ልጄ፣ የትኛው የእሷ ጥቅል እንደሆነ፣ የትኛው እንዲሁ እንደተጣጠፈ ማን አየ? ጠርዙን በሲሚንቶ ሠራነው፣ ሦስት ደረጃ። ዛፉን ኖራ ቀባነው። ማራናታ የፕላስቲክ አበባ ሰቀለች። ሲያልቅ እልል አልን፣ እውነቴን ነው፣ እልል አልን። ውሃው ጥርት ብሎ ድንጋዩ ይቆጠራል። "አሁን ይምጡ!" አልኩ።

ጋሽ ተካ በመጀመሪያው ቀን መጥተው ነበር። "ውሃ ፀጉር አለው፣ አትላጩት፣ ይበርደዋል" አሉን። ማራናታ መላጣቸውን አይታ "ጋሼ፣ እርስዎ ስለሌለዎት ነው የሚቆረቁርዎት?" ስትል ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅኩ። እሳቸው ማዶ ሄደው ተቀመጡ።

መጋቢት ዝናቡ መጣ። ሲመሻሽ በሩን ከፍቼ አዳመጥኩ። ዛሬ ደክሟት ነው አልኩ። በሳምንቱ ዝናቡ ገና አልበቃትም አልኩ። ከዚያ መክሊት መጥታ ስልኳን ይዛ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፣ የምትቀዳው የውሃ ጠብታ ሆነ። "እማዬ፣ ምንም የለም እኮ" አለችኝ። ያምናውን ላኪው ያልኳት እኔ ነኝ። እሷ እምቢ ብላ አልቅሳ ነው የላከችው፣ በሷ አትቀየም። ውሻውን ረስቼዋለሁ። አሁን ሳስበው ውሻውም ከዚያ ጠጥቶ ይሆናል።

ጋሽ ተካ ዘንድ ሄጄ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። "ከሌላ ቦታ አትመጣም?" አልኳቸው። "ከየት?" አሉኝ። "ታችኛው ረግረግ ቡና ሆኗል። ማዶው ቤት ተሠርቶበታል። አንቺ ጋ ያለችው የመጨረሻዋ ነበረች።" አልሳቁብኝም። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጄ፣ አንተ እንዳታፍር ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። እንግዳ ሲመጣ ቤት የማይጠርግ ማን አለ? አዞዋ በዚያ ሁሉ ጥርስ ልጇን ሳትነካ ተሸከመች፤ እኔ በመጥረጊያ በላሁህ።

ትሁት


ሃምቡርግ፣ ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ትሁት፤

ሰላምታዬን አልከለክልሽም፣ እንደ ድሮው ነው።

ፊልሙ ሌላ አገር ሄዷል፣ ለእስስት። ሽማግሌው እጄን ይዞ ብዙ ቆየ። ውሌን አላደሱልኝም። ስለ ድምፁ ማንም አልተቆጣኝም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ምንም ብል ማንም አያምነኝም። ወረቀቴ በዚህ ወር ማብቂያ ያልቃል።

አንቺን አልወቅስም። በመስከረም "ለእንግዳ የሚመጥን እናደርገዋለን" ብለሽ ጽፈሽ ነበር። አንብቤው ስቄ አለፍኩ። አንዲት መስመር ብጽፍ ይበቃ ነበር፤ አትንኪው፣ ብቻ። ግን እትዬ፣ እናቱን "ጓሮሽን አታጽጂ" ብሎ የሚጽፍ ልጅ አለ? እንደሚያስፈልግ አልመጣልኝም። ሽማግሌው ራሱ "እዚያ ያሉትን ሰዎች አስጠንቅቃቸው" ብሎኝ ነበር። "ከነሱ ጋር ለመቶ ዓመት ኖራለች፣ ምን ያደርጓታል?" አልኩት። በኩራት ነው ያልኩት።

ይህ ስልክ የድርጅቱ ነው፣ አስረክባለሁ። የት እንደምሻገር ገና አልቆረጥኩም። ስደርስ አሳውቅሻለሁ።

የአቮካዶ ቀለም የተቀባውን ሻይ ቤት ማየት ፈልጌ ነበር።

ይትባረክ


ሚዛን ተፈሪ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለይትባረክ፤

ባለህበት፣ ስሙን በማላውቀው አገር፣ ሰላምታዬ አንተን ፈልጎ ያግኝህ። ከኔ ይልቅ እሱ መንገድ ያውቅ ይሆናል።

በነሐሴ የጻፍኩልህ አልተነበበም። መክሊት አንድ ራይት ብቻ ነው ትለኛለች፣ ሲነበብ ሁለት ይሆናል አሉ። ቅዳሜ በመጣች ቁጥር ሰላም ሳልላት "ስንት ሆነ?" እላታለሁ። "አንድ ነው እማዬ።" ይሄንንም ትልከዋለች። ሌላ ቁጥር የለንም።

አሁን ሲመሻሽ ምንጩ ጋ ወርጄ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። አርባ ቀን አልኩ ለራሴ፣ እንደ ሽማግሌህ። ይኸው ዛሬ ስልሳ አለፈኝ። ሚዶ ይዤ ነው የምወርደው፤ ጥርሱን በጥፍሬ እፍቃለሁ፣ ከዚያ አዳምጣለሁ። ደግሞ እፍቃለሁ። ኸይሩ ድሮ ቢሆን ይቀልድብኝ ነበር፤ አሁን ሲያየኝ ሰላም ብሎ በዝግታ ያልፋል፣ ለቅሶ ቤት በር ላይ እንደሚያልፍ ሰው። ማራናታ የፕላስቲክ አበባዋን መጥታ አወረደች፣ ሳልነግራት። ባዘዘውና እኔ ሲሚንቶውን በመዶሻ ሰባበርነው። ጋሽ ተካ ጎደሬ አምጥተው ተከሉ፣ ሣሩም ወጣ ወጣ ብሏል። "ለሷ ነው?" ብላቸው "አይ፣ ለውሃው ነው፣ ለሷማ አለቀ" አሉኝ።

ባዶ እጄን አልመጣም ብለሃል። ባዶ እጅህን ና። እዚህም ባዶ ነው፣ ባዶና ባዶ አይተፋፈርም። ኸይሩ ሱቅ በር ላይ ምንም የሚልህ የለም፣ አፉን እኔ ዘግቼዋለሁ። አልጋህ ያው ነው።

ትናንት አንድ ነገር ሆነ። አዲሱ ሣር ላይ፣ ከውሃው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ አንዲት ቅጠል ታጥፋ አየሁ። እንደ ድሮዋ፣ ዳርና ዳሯ ተጣብቆ። ጉልበቴን ረስቼ ውሃው ውስጥ ገባሁ። መንካት አልነበረብኝም፣ "የሰው ቤት አይከፈትም" እያልኩ ጆሮህን የቆነጠጥኩ እኔ አይደለሁም? እጄ ግን እምቢ አለኝ። ቀስ ብዬ በጥፍሬ ከፈትኳት።

ሸረሪት ናት።

መልሼ አጠፍኳት። አልጣበቅ ስትለኝ እስኪጨልም ድረስ በሁለት ጣቴ ይዣት ቆምኩ።

እትዬ ትሁት